የሸህ አወል ነጭ ቅቤ

ቅቤ ነጋዴ የሚነግደው በአፍንጫው ነው። ሚዛን ሁሉም አለው፤ አፍንጫ ግን ሁሉም የለውም። ከሚሴ ገበያ ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ ሙዝ የተለወሰበትን፣ ሞራ የገባበትን፣ ትናንት ተንጦ የወጣውንና ሳምንት ሙሉ ያደረውን ገና ቅጠሉ ሳይገለጥ እለያለሁ። ሰው «ዘሃራ አፍንጫ» ይለኛል። ስድብ ይሁን ሙገሳ ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው የጎረቤቴ ልጅ ሰይድ ከዐረብ አገር ተመልሶ አንድ ቆርቆሮ ይዞ ሱቄ መጣ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይችን እስቲ ያሽትቷት። እዚያ ሰው የሚሻማባት ናት።»

«ምንድን ናት?»

«ቅቤ ናት። የተነጠረች።»

ክዳኑን ከፈትኩት። ነጭ ነው። እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ነጭ። «ልጄ፣ ሞራ ሸጠውልሃል» ልለው አፌን ከፍቼ ሳለ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ሥዕል አየሁት፤ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ጥቁር፣ ግማሽ ገላው ውሃ ውስጥ የተነከረ ከብት። ቆርቆሮው ቅቤ ነው የሸተተው። እኔን የሸተተኝ ግን የጨፋ ጭቃ ነው። የበሰበሰ ፊላ፣ የከብት ሽንት፣ ቀን ሙሉ ፀሐይ ያሞቀው ውሃ።

«ምነው? ተበላሽታለች እንዴ?» አለኝ ሰይድ።

«አልተበላሸችም» አልኩት። «ዘግይታ ነው የመጣችው።»

በልጅነቴ የኖርነው ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ ረግረጉ ዳር ነው። በጋ ሲገባ ዙሪያው ሁሉ እንደ ቆዳ ይደርቅና ጨፋ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ያኔ የአገሩ ከብት ሁሉ ወደኛ ይወርዳል። አፋሮች ከቆላ፣ የእኛ ኦሮሞዎች ከዳገት፣ ሁሉም ከብቱን እየነዳ መጥቶ ረግረጉ ዳር ጎጆ ይቀልሳል። የእናቴ ሥራ ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ከከብት ጠባቂዎቹ ወተት ትሰበስባለች፣ ትንጣለች፣ ቅቤውን በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ ገበያ ታወጣለች። አባቴ ቀደም ብሎ አርፏል። የራሳችን የምንላት አንዲት ላም ነበረችን። ጥቁር ስለሆነች በኦሮምኛ ጉራቲ እንላታለን። በዚያ በጋ ጉራቲ ከብዳ ነበር። ክረምት ሲገባ ከብት ጠባቂዎቹ ወተታቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ይመለሳሉ፤ የእኛ ክረምት የተንጠለጠለው በጉራቲ ሆድ ላይ ነበር። እናቴ ይህን በየቀኑ ስለምትነግረን የሆዷን ስፋት እንደ ጸሎት ነበር የምናየው።

የእናቴ አጎት ሸህ አወል ከእኛ ግድግዳ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። በጎረምሳነታቸው ለቂርአት ብለው ምስር፣ ግብፅ ማለት ነው፣ ወርደዋል። እኔ ምስር ስል የማውቀው ለወጥ የሚከካውን ነው፤ ሸህ አወል ከወገባቸው በላይ የበቀለ የምስር ማሳ ውስጥ ሆነው ቁርአን ሲቀሩ ነበር የሚታየኝ። ቂርአቱ ግን ገንዘብ ሲያልቅ ተቋረጠ፤ ሰውዬውም በዓባይ ወንዝ ዳር የአንድ ባለ መሬት ከብት አላቢ ሆነው ሰባት ዓመት ከርመው ተመለሱ። ሰው ሸህ የሚላቸው ለሄዱበት እንጂ ላመጡት አልነበረም። ያመጡት የአንድ እንግዳ ከብት ወሬ ነው። እሳቸው ጋሙስ ይሉታል፤ አማርኛ ሲናገሩ ደግሞ የውሃ ጎሽ።

ጎሽ ማለት ለእኛ አገር ሰው የሚገድል አውሬ ነው። በኦሮምኛ ገፈርሳ። አያቶቻችን ሲተርቱበት እንጂ ቀርቦ ያየው የለም። ይህን አውሬ ቁጭ ብዬ አለብኩት የሚል ሰው መንደር ውስጥ ሲገኝ ስም ይወጣለታል። «አወል ጎሹ» አሏቸው።

እሳቸው ግን አይሰለቹም። «ላም ያልባታል፣ ወዛም ናት፤ ጋሙስ ግን እንደ እኛ አያልበውም። ቆዳው ጥቁር፣ ጠጉሩ ሳሳ ያለ፣ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ቀትር ሲሆን ውሃ ይገባል፤ ውሃ ካጣ ጭቃ ይለብሳል። ጭቃው ሲደርቅበት ዝንብ እንኳ አይነክሰውም። ወንዙ ውስጥ አፍንጫውና ቀንዱ ብቻ ነው የሚታየው፤ ልጆች ጀርባው ላይ ተቀምጠው ይሻገራሉ።» ያርሳል ይላሉ። ዓይኑን ተሸፍኖ እየዞረ የውሃ መንኮራኩር ይጎትታል ይላሉ። ከብት የማይነካውን የረግረግ አገዳ በልቶ ወተት ያደርገዋል ይላሉ። እርግዝናውም የላም አይደለም፤ ዘጠኝ ወር አልፎ፣ አስር አልፎ ነው የሚወልደው።

በተለይ አንዱን ወሬ የመንደሩ ሴቶች ወደዱት። ጋሙስ ለማታውቀው ሰው ወተት አትለቅም። አንድ ጊዜ የባለ መሬቱ ሚስት ታመመችና እሷ የምታልባቸውን ጋሙሶች እንዲያልቡ ሸህ አወል ታዘዙ። ጋሙሶቹ አንዲት ጠብታ አልሰጥ አሉ። በኋላ እሳቸው የሴትዮዋን ሻሽ ጠምጥመው ቀሚሷን ደርበው ቢቀርቡ ወተቱ ወረደ።

«ኧረ ሸህ! እስቲ ሻሹን እንዴት እንደጠመጠሙት ያሳዩን» ትላለች አንዷ።

«ሻሹስ ይሁን፤ ጉትቻስ አልጠየቀችዎትም?» ትላለች ሌላዋ።

ሸህ አወል ከሁሉ በፊት እሳቸው ይስቃሉ። ሲስቁ ፊት ለፊት የጎደለችው ጥርስ ትታያለች። የማይስቁት ቅቤው ሲነሳ ነው።

«ቅቤው ነጭ ነው» አሉ አንድ ጠዋት፣ እናቴ ቅሉን እየናጠች። «ወላሂ እንደ ጥጥ። ወተቱ ወፍራም ነው፤ የላም ሁለት እጅ ቅባት አለው።»

እናቴ ቅሉን አቆመች። ስለ ጎሹ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሻሹ ትስቅ ይሆናል። ስለ ቅቤ ግን ከእናቴ ጋር አይቀለድም። «አጎቴ፣ አክብሬ ልንገርዎት፤ አረንጓዴ ሣር የበላች ላም ቅቤ ቢጫ ነው። ነጭ ቅቤ የለም። ነጭ ከሆነ ሞራ ነው፤ ሞራ ያበላዎት ሰው አታልሎዎታል። ካልሆነ እርስዎ እኛን እያታለሉን ነው።»

«ከድጃ፣ በእጄ ንጬዋለሁ እኮ!»

«ባየው አምናለሁ» አለች እናቴ፣ ቅሉንም ቀጠለች።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤት የምንማረው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ እናየዋለን። እናቴ አማርኛ እንድችልላት ትፈልግ ነበር። «ከከተማ የሚመጡት ገዢዎች በአማርኛ ያታልሉኛል» ትላለች፤ «በኦሮምኛ ቢሆን ኖሮ የማታልላቸው እኔ ነበርኩ።» ስለዚህ ሸህ አወል እንዲያስተምሩኝ ተስማሙ። ጠዋት ወተት ልንቀበል ወደ ረግረጉ ስንወርድ አንዱን ቅል እሳቸው፣ አንዱን እኔ እንይዛለን፤ መንገዱ ላይ ያዩትን ሁሉ በበትራቸው እየጠቆሙ ይጠይቁኛል።

«ይሄስ?»

«ቄጠማ።»

«ጎሽ! ይሄስ?»

«አልቅት።»

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!»

የአማርኛ መጽሐፋችን ላይ ጎሽ ተሥሏል። ጥቁር፣ ባለ ቀንድ፣ ሥሩ «ጎሽ» ተብሎ የተጻፈበት። እኔ ለብቻዬ አንብቤ የገባኝ የመጀመሪያው የአማርኛ ቃል እሱ ነው። በዚህም ምክንያት ሰውዬው ልክ መልስ በመለስኩላቸው ቁጥር ከብታቸው ትዝ የሚላቸው መሰለኝ። ቄጠማ ስል ጎሽ ትዝ ይላቸዋል፤ አልቅት ስል ጎሽ ትዝ ይላቸዋል። «ምን ያህል ቢናፍቁት ነው!» እል ነበር በልቤ። አንዳንዴ ናፍቆታቸው እንዳይበረታባቸው ብዬ መልሱን እያወቅሁ ዝም እላለሁ። እሳቸውም «አብሽሪ፣ ነገ ይመጣልሻል» ይሉኛል። ያዘንኩላቸው እኔ ነኝ፤ የሚያጽናኑኝ እሳቸው።

እናቴ የጉራቲን እርግዝና የምትቆጥረው በገመድ ነው። አዲስ ጨረቃ በታየ ቁጥር ምሰሶው ላይ በተንጠለጠለው ገመድ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ዘጠነኛው ቋጠሮ ተቋጠረ። ጉራቲ አልወለደችም። አስረኛው ተቋጠረ። ጉራቲ ቆማ ታመነዥካለች። እናቴ በየማለዳው ሆዷን እየዳበሰች ዱዓ ታደርጋለች፤ «ጥጃው ሞቶባት ይሆን?» እያለች ከራሷ ጋር ትነጋገራለች። (ኋላ እንደታወቀው ኮርማው ሁለት ጊዜ ነበር የመጣው፤ እናቴ የቆጠረችው ከመጀመሪያው ነው።)

እኔ ግን ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ጥቁር ናት። ቀትር ሲሆን ውሃ ዳር መቆም ትወዳለች። ዘጠኝ ወር አልፏታል። ጉራቲ ላም አይደለችም፤ ጋሙስ ናት። ማንም አላወቀላትም። ሆዷ ውስጥ ያለው ደግሞ ጭቃ እየጠበቀ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር «ዘሃራ ጎሹ» ልባል ነው።

በአንድ ቀትር እናቴ ገበያ ሄዳለች። ጉራቲን ፈትቼ ወደ ረግረጉ ነዳኋት። ዳር ላይ ቆመች። ጎተትኳት። ከብቱ ሁሉ የሚጠጣበትን ደረቁን ቦታ ትቼ ፊላው ውስጥ፣ ጥቁሩ ጭቃ ወዳለበት አስገባኋት። መጀመሪያ ጉልበቷ ድረስ ገባች። «ተመቸሽ?» አልኳት። ከዚያ ሆዷ ድረስ ገባች። እግሯን ልታወጣ ስትታገል ይበልጥ ሰመጠች። ያኔ ዓይኗን አየሁት። የተመቸው ከብት ዓይን አልነበረም።

መጮኼን አላስታውስም። አፍንጫዋ ጭቃ እንዳይነካ አገጯን ከሥር ታቅፌ ይዤ፣ እኔም ደረቴ ድረስ ሰምጬ እንደነበር ነው የማስታውሰው። የትንፋሿ ሙቀት ፊቴ ላይ ነበር። እጄ ሲዝል በትከሻዬ፣ ትከሻዬ ሲዝል በራሴ ደገፍኳት። ሆዷ ውስጥ ያለው ይንቀሳቀስ ነበር፤ በጭቃው ውስጥ እንኳ ሲራገጥ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

ሸህ አወል ደረሱ። ከኋላቸው ውሃ ሊያጠጡ የመጡ ሁለት አፋሮች ነበሩ። አንዱ ጉራቲን አየና፣ «ሸህ፣ ይች ላም ናት ዓሣ?» አለ። ሽርጡን ግን እየተናገረ ነበር ወደ ላይ የሰበሰበው። ገመድ ቀንዷ ላይ ሊጥል ሲል ሸህ አወል ጮኹበት።

«ቀንዷን ተው! አንገቷን ትሰብረዋለህ። ፊላ እጨድ፣ ብዙ ፊላ! የጋሙስ ኮቴ ሰፊ ነው፤ ጭቃ ላይ ይዘረጋል። የላም ኮቴ ጠባብ ነው፣ እንደ ችካል ይሰካል። ቆማ አትወጣም፤ በጎኗ እናስተኛት።»

ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ የገቡት በነጭ ጀለቢያቸው ነው። በእጃቸው እግሮቿ ዙሪያ ቆፈሩ፣ ውሃ እያፈሰሱ ጭቃውን ፈቱት፣ ገመዱን ከፊት እግሮቿ ኋላ በደረቷ አዙረው አሰሩ። አፋሮቹ ያጨዱትን ፊላ ከጎኗ እንደ ምንጣፍ ዘረጉ። ከዚያ ሦስቱም ተባብረው ገፏት፤ ጉራቲ በጎኗ ፊላው ላይ ወደቀች። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ አገጯን አልለቀቅሁም። ሸህ አወልም ቀና ብለው በአማርኛ ጮኹብኝ፦

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ! ጎሽ!»

ማንም አያውቅም ያልኩትን፣ ለማንም ያልተናገርኩትን በሰው ፊት ጮኹት። «ጎሽ መሰለችሽ አይደል? እነሆ ጎሽሽ» ያሉኝ መሰለኝ። ልቤን ያነበቡት መሰለኝ። ቂርአት የተቋረጠባቸው ሰውዬ፣ ለካ እውነተኛ ሸህ ናቸው።

ጉራቲን ፊላው ላይ እየጎተቱ አወጧት። ተንቀጠቀጠች፣ ተነሳች፣ ወደቀች፣ ደግማ ተነሳች። እናቴ ወሬ ሰምታ ከገበያ እየሮጠች ስትደርስ ጉራቲ በአራት እግሯ ቆማ ነበር። እናቴ ላሟን ዳበሰች፣ ሆዷ ላይ ጆሮዋን ጣለች፣ ከዚያ ዞረች።

«ማነው ያስገባት?»

አፌን ከፈትኩ። ሸህ አወል ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ። ሙቀቱ በዝቶባት አየሁና ትቀዝቅዝ ብዬ ነው። ምስር እንዲህ ነበር የምናደርገው።»

እናቴ ለአጎቷ ክፉ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ተናገረች። «የእኔ ላም ላም ናት! የእርስዎ ቅዠት አይደለችም! ልጆቼ ክረምቱን ምን ሊበሉ ነበር? ያንን ነጭ ቅቤዎን?»

ተሰብስቦ የነበረው ሰው ሳቀ። ሸህ አወል ግን የጎደለችው ጥርሳቸው አልታየችም። ጀለቢያቸው ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ሆኖ፣ ራሳቸው ያን ከብት መስለው፣ ቆመው ነበር። ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ኖሮ እናገር ነበር ብዬ ለብዙ ዘመን ራሴን ደልያለሁ።

ጉራቲ ከጥቂት ቀን በኋላ ወለደች፤ ሴት፣ ጥቁር፣ ጤነኛ። መንደሩ እልል አለ። ሸህ አወል አልመጡም። ከብቱ የታመመበት ሰው ቀድሞ እያሾፈም ቢሆን እሳቸው ጋ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚሄድ ጠፋ። «ላም ጭቃ ውስጥ ለሚተክል ሰው?» ይባባላሉ። የአማርኛ ትምህርቱም ቀረ። እኔም ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። ወተቱን ለብቻዬ ተሸክሜ ስወርድ ቄጠማውን፣ ፊላውን፣ አልቅቱን እያየሁ ስማቸውን በልቤ እጠራለሁ። የሚመልስ የለም።

ዝናብ ሊጥል ሲያስገመግም ሸህ አወል ባቲ እህታቸው ጋ ሊኖሩ ሄዱ። ሊሰናበቱ ሲመጡ ጎተራው ኋላ ተደበቅሁ። በስንጥቁ የበትራቸው ጫፍና ታጥቦ ያልነጣው ጀለቢያቸው ብቻ ታዩኝ። ሲሄዱ እናቴ ጠራችኝ።

«ደጃፍ ቆሞ ምን አለኝ መሰለሽ? 'ለልጅሽ ጎሽ ብሎሻል በያት።' እስቲ አሁን ይሄ ሰው ጤና ነው? እስከ መጨረሻው ጎሽ!»

ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ከሚሴ ገበያ ከእናቴ ጋር ተቀምጫለሁ። አንዲት የከተማ ሴት ልጇን ታቅፋ ቅቤ ታያለች። ልጁ ጉንፋን ይዞታል፤ ከብልቃጥ ሽሮፕ በማንኪያ ትሰጠዋለች። ፊቱን አጨማዶ ዋጠ።

«ጎሽ! ጎሽ የኔ አንበሳ!»

ቆይቼ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ ልጅዎን ለምን ጎሽ ይሉታል? አንበሳም ብለውታል። የትኛው ነው?»

ሴትዮዋ እስኪያስነጥሳት ሳቀች። «ውይ በሞትኩት! አውሬው እኮ አይደለም። በርታ፣ ደግ አደረግህ፣ እሰይ ማለት ነው።»

ያን ቀን ቅቤውን በጠየቀችኝ ዋጋ ሰጠኋት። በንግድ ዘመኔ ሳልከራከር የሸጥኩት ያን ብቻ ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ቄጠማ፤ ጎሽ። አልቅት፤ ጎሽ። ጭቃው ውስጥ፣ የላሟን አገጭ ታቅፌ፤ ጎሽ፣ ጎሽ የኔ ልጅ። ደጃፍ ላይ፣ በትራቸውን ይዘው፤ ለልጅሽ ጎሽ ብሎሻል በያት።

አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ልላቸው ባቲ ገበያ ስወርድ አፈላለግኳቸው። እህታቸው መቃብሩን አሳየችኝ። ካረፉ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ቆርቆሮውን ከሰይድ ገዛሁት። «ሊሸጡት ነው?» አለኝ። «ምን ጨነቀህ?» አልኩት።

እናቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ አፍንጫዋና ምላሷ ግን አልደከሙም። በር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ክዳኑን ከፍቼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት።

«ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው። ቅመሺው።»

በጣቷ ቆንጥራ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «ነጭ ነው» አለች። ላሰችው። ምላሷ ላይ አዞረችው፤ እንደ ድሮው፣ ሙዝና ሞራ ስትፈልግ እንደምታዞረው። ሌላ ቆነጠረች።

«ሞራ አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

ቆርቆሮውን በእጇ ዳበሰችው። ሥዕሉ ከፍ ብሎ የታተመ ስለሆነ ቀንዱን በጣቷ አገኘችው፤ ከቀንዱ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ውሃው ሄደች። ያኔ ተናገርኩ። በኦሮምኛ ነው የተናገርኩት፤ አማርኛ ለዚህ አልሆነኝም።

«እማዬ፣ ጉራቲን ጭቃ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም።»

እጇ ቆመ። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ውላ የለመደቻት አማርኛ ከአስር ቃል አትበልጥም፤ ከእነዚያ ውስጥ አንዷን አወጣች።

«ጎሽ» አለች።

ጣቷ ሥዕሉ ላይ ነበር፤ ፊቷ ወደ እኔ። የትኛውን እንዳለች አልጠየቅኋትም።